ሴሎቻችንን ይዘን ጀሞ ሄድን

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈሬ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ምን አየህ?» ይለኛል። አዲስ የተሠራውን መናፈሻ፣ ሰማይ የነካውን ሕንፃ፣ ሌሊት እንደ ቀን የሚያበራውን መንገድ እንዳወራለት ይጠብቃል። እኔ ያየሁት ግን ጀሞ ውስጥ አንድ አራተኛ ፎቅ፣ አንድ የሆስፒታል ሚዛንና የእህቴን አፍ ነው። ዐሥር ቀን ሙሉ በላች አልበላች እያልኩ የሰው አፍ ስጠብቅ ከረምኩ። ላልሄዳችሁት፣ የመሄድ ሐሳቡም ለሌላችሁ፣ ነገሩን እንደሆነው እጽፈዋለሁ። ጥፋቴንም አልደብቅም፤ ብደብቀውም እህቴ ከእኔ ቀድማ ለመንደሩ አዳርሳዋለች።

ሰኞ

እህቴ ወይዘሮ አስካለ ትባላለች። በስምንት ዓመት ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። ባለፈው ዓመት የጡት ካንሰር ተገኘባትና ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ከዚያ ወዲህ በየሦስት ሳምንቱ አዲስ አበባ እየሄደች ኬሞ የሚባለውን መድኃኒት በደም ሥሯ ትወስዳለች። ሦስቱን ዙር ያመላለሰቻት ልጇ ነበረች። ልጇ ወልዳ አራስ ቤት ስትገባ አራተኛው ዙር ለእኔ ደረሰኝ። እኔ ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጡረታ የወጣ መምህር የሚያስተምረው ሰው ሲያጣ ምን እንደሚሆን ሚስቴን ጠይቋት።

አንድ ካርቶን ሙዝና አንድ ፌስታል የሺፈራው ቅጠል ይዘን በንጋት ከአርባ ምንጭ ተነሣን። ጾመ ፍልሰታ ከገባ ቀናት ሆኖታል። እትዬ ትጾማለች፤ እኔና ጾም ግን ከተኮራረፍን ቆይተናል። ሶዶን እንዳለፍን አንድ ወዳጄ የላከልኝን ቪዲዮ ስልኬ ላይ ከፈትኩ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰውዬ ስለ ኦቶፋጂ ያወራል። ኦቶፋጂ ማለት ሴል የራሱን አካል ሲበላ ነው። እኔ ባስተማርኩበት መጽሐፍ ውስጥ አልነበረም፤ ስለዚህ አዲስ ጫማ እንደተገዛለት ሰው ደስ አለኝና ወዲያው ለእትዬ ማስተማር ጀመርኩ።

«ሴል ምግብ ሲያጥረው ቤቱን ያጸዳል» አልኳት። «የተሰበረውን፣ ያረጀውን፣ የተበላሸውን ዕቃ እየለቀመ ይፈጭና መልሶ ይበላዋል። ጾም ይህን ይቀሰቅሳል።»

እትዬ መስኮቱን ትታ ወደ እኔ ዞረች። «ታዲያ ካንሰሩንስ ይበላዋል?»

እዚህ ላይ አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪ ፊት አላውቅም ብዬ አላውቅም። «እንዴታ! መጀመሪያ የሚበላው እሱን ነው» አልኳት። ጥፋቴ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

ቡታጅራ ላይ አውቶቡሱ ለምሳ ቆመ። እኔ ጥብስ አዘዝኩ። እትዬ አንድ ጠርሙስ ውኃ እንኳ ሳትከፍት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ አየችኝ። ቁርሷንም አልበላችም ነበር። «እትዬ፣ መድኃኒት የሚጠብቅሽ ሰው ነሽ፤ ሙዝ እንኳ ቅመሺ» ብላት «ብላ፣ ብላ፤ አንተ የሚጸዳ ነገር የለብህም» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ኮራሁ። በሕይወቴ እንዲህ ቶሎ የገባው ተማሪ አልነበረኝም።

ለቡ መናኸሪያ ስንደርስ ዝናቡ አስፋልቱን ይገርፈዋል። ትዕግስት ጃንጥላ ይዛ ትጠብቀን ነበር። ትዕግስት ዐሥረኛ ክፍል አስተምሬያት ዲ የሰጠኋት ልጅ ናት፤ አሁን የወረዳ ሠራተኛ ሆና ጀሞ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። ባሏ የጂቡቲ መስመር ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው እንደ እንግዳ ነው። መምጣታችንን ከሰው ሰምታ «ቲቸር፣ ሌላ ቦታ ቢያርፉ ዲውን ይቅር አልልዎትም» ብላ ስለደወለች እሷ ቤት ገባን።

ቤቷ አራተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም። እኛ አገር ደረጃ ማለት ሦስት እርከን ወደ በረንዳ ነው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ እትዬ ግድግዳ ተደግፋ ስትተነፍስ አንድ በር ተከፈተና አንዲት ሴት ምንም ሳትጠይቅ ወንበር አወጣች። «እማማ፣ ይረፉ። እስኪሄዱ ድረስ ወንበሩ እዚሁ ደረጃው ላይ ይቀመጣል» አለች። አርባ ምንጭ ቢሆን ዝንጀሮ ይወስደዋል።

ማክሰኞ

ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወረድኩ። የጀሞ ሕንፃዎች መንታ ናቸው፤ መንታ ብቻ ሳይሆኑ የመንታ ልጆች ናቸው። ዳቦዬን ይዤ አራት ፎቅ ወጣሁ፤ በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ገባሁ፣ የጨቀየ ጫማዬን አወለቅኩ፣ ሶፋው ላይ ተዘረጋሁ። ከወጥ ቤት «መጣህ? ዳቦውን አምጣው» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ትዕግስት አንተ ማለት መጀመሯ ትንሽ ቢገርመኝም ዳቦውን ወሰድኩላት። የማላውቃት ሴት ቢላ ይዛ ቆማለች። ሁለታችንም ጮኽን። ነገሩ ሲገባት ሳቋ ደረጃው ድረስ ተሰማ። ሻይ ካልጠጡ አይሄዱም ብላ አስቀመጠችኝ፤ ከዚያ እጄን ይዛ ሦስት ሕንፃ አሻግራ ራሷ አደረሰችኝ። ባሏ እስከ ዛሬ ዳቦ ይዞ ይምጣ አይምጣ አላውቅም።

ስመለስ እትዬ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች፤ ሦስት ሴቶች ደረጃው ላይ ከበዋታል። «ሴል ሲርበው ቤቱን ይጠርጋል» ትላለች። «ወንድሜ መምህር ነው፤ አጥንቶታል።» በእኔ ድምፅ፣ በእኔ የእጅ አወናጨፍ ታስተምራለች። ሴቶቹ ሲያዩኝ ብድግ አሉ። እኔም ብደነግጥ ይሻለኝ ነበር፤ ግን አንገቴን በትሕትና ዝቅ አደረግኩላቸው።

የዚያን ቀን እትዬ እህል የቀመሰችው ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ እሱም አንድ ጉርሻ ተኩል። ትዕግስት ድስቱን እያየች «ቲቸር፣ እማማ እንዲህ ናቸው ሁልጊዜ?» አለችኝ። «ሳይንስ ነው» አልኳት።

ረቡዕ

ከጀሞ ሚኒባስ ለመሳፈር ወረፋው እንደ ዘንዶ ይጠማዘዛል። ነገር ግን ረዳቱ የእትዬን ፊት ሲያይ «እማማ ይቅደሙ!» ብሎ አስገባን፤ ከኋላችን ያለው ሰልፍ ሁሉ ዝም አለ። አዲስ አበባ ልቡ ጠፍቷል የምትሉ ይህን መዝግቡልኝ።

ሆስፒታል ደም ሰጠች፣ ሚዛን ላይ ወጣች። ዶክተሯ ልጅ እግር ናት፤ የእኔ ተማሪ ብትሆን ኤ የምሰጣት ዓይነት። ወረቀቱን አየች፣ እትዬን አየች፣ መልሳ ወረቀቱን አየች።

«እማማ፣ ከባለፈው አራት ኪሎ ቀንሰዋል። ዛሬ መድኃኒቱን አልሰጥዎትም፤ አይችሉትም። የሚመጣው ረቡዕ ይመለሱ። ያኔም ከቀነሱ ግን ሕክምናውን ለማቋረጥ እንገደዳለን። ሲቋረጥ ደግሞ በሽታው ዕድል ያገኛል። ምግብ እምቢ አለዎት?»

«እምቢ አላለኝም፤ እየጾምኩ ነው» አለች እትዬ በኩራት። «ሴሎቼ ካንሰሩን እየበሉት ነው።»

«ማን ነው ይህን የነገረዎት?»

እትዬ በአገጯ አሳየችኝ። ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች። ክፍል ውስጥ ሲያወራ የተያዘ ተማሪ ምን እንደሚሰማው በስተርጅና አወቅኩ።

ልጅቷ ግን አልተቆጣችኝም። «ጋሼ፣ ግማሹ ልክ ነው» አለች። «ሴል ራሱን ማጽዳቱ ካንሰር እንዳይጀምር ይረዳል። ችግሩ ካንሰሩ አንዴ ከበቀለ በኋላ ነው፤ እሱም ሴል ስለሆነ ያንኑ ዘዴ ያውቃል። እኛ በመድኃኒት ስናጣድፈው፣ ምግብ ሲያጥረው፣ የራሱን ስብርባሪ እየበላ ክፉ ቀን ያሳልፍበታል። ስለዚህ ሲራቡ ማን ቀድሞ እንደሚያልቅ አናውቅም። በእማማ ሚዛን ላይ የማየው ግን እያለቁ ያሉት እሳቸው መሆናቸውን ነው።»

«ስለ ጾምና ካንሰር የሚያጠኑ ሰዎች አሉ ይባላል» አልኩ፤ መምህር ሲሸነፍም አንድ ቃል ካልጨመረ አይሆንለትም።

«አሉ። እሱ ግን በሐኪም ክትትል እንጂ ኪሎው እየወረደ ባለ ሰው ላይ በግምት አይሞከርም። እንዲያውም ከኬሞው ጋር ያንን ራስን የመብላት ዘዴ የሚዘጋ መድኃኒት እየሞከሩ ነው። አንዱ የድሮው የወባ መድኃኒት ዘመድ ነው።»

እትዬ ነቃች። «ክሎሮኪን? ያ የሚያሳክከው?»

«አዎ፤ ግን ገና በጥናት ላይ ነው፤ ውጤቱም አልለየለትም። ሐኪም ሳያዝልዎት እንዳይነኩት።»

እሺ አለች። ሚኒባሱ ውስጥ ገና እንደተቀመጥን ስልኳን አውጥታ «ሳጥኔ ሥር የድሮ የወባ ክኒን ነበረች፤ እስቲ ፈልጊያት» እያለች ለልጇ ስትናገር ሰማኋት። ስልኩን ነጠቅኳት። አርባ ምንጭ ተወልዶ ያደገ ሰው ክሎሮኪንን እንደ ቆሎ ነው የሚያየው።

ሐሙስና ዓርብ

የሚመጣው ረቡዕ ስድስት ቀን ብቻ ቀረው። እኔ ደግሞ ያስተማርኩትን ማስረሳት ነበረብኝ፤ ሠላሳ ዓመት ስሠራ ይህን ማንም አላሠለጠነኝም። በትዕግስት ካላንደር ጀርባ ላይ ሴል ሣልኩ። ጤነኛውን በሰማያዊ፣ ካንሰሩን በቀይ። ሁለቱም ቤታቸውን ሲጠርጉ፣ ቀዩ ጠርጎ ሲወፍር አሳየኋት። እትዬ ሥዕሉን ረጋ ብላ አየችው።

«ደምሴ፣ ሰኞ እንደዚያ አልክ፤ ሐሙስ እንደዚህ አልክ። እሑድ ምን ልትል ነው?»

ትዕግስት ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «እኔም ያኔ እንዲህ እየሆነብኝ ነው ዲ ያገኘሁት» አለች።

ቢያንስ የጾሙን ምግብ በጠዋት ብዪ አልናት፤ የአጃ ገንፎ፣ የለውዝ ቅቤ፣ ያመጣነው ሙዝ። «እሺ፣ አስቀምጡልኝ» ትላለች። ዓርብ ዕለት አልጋዋን ሳነጥፍ በነጠላ የተጠቀለለ ሙዝና ሁለት ቁራሽ ዳቦ ከትራሷ ሥር አገኘሁ። በላሁ ያለችን ሁሉ እዚያ ነበር። ተናደድኩ፣ ጮኽኩባት፤ ታላቄ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። እሷ ነጠላዋን አጠፈች። የክንዷን አጥንት አየሁትና ፍርሃት ያዘኝ። በእኔ ምላስ ምክንያት እህቴን የማጣት መስሎ ተሰማኝ።

ቅዳሜ

ትዕግስት ሀና ማርያም ልታስቀድስ ስትሄድ ተከተልኳት። ቅዳሴው አልቆ ጭቃውን እየዘለልን ስንወጣ እንዲህ አለችኝ፤ «ቲቸር፣ በባዮሎጂ አልቻሏቸውም። የንስሐ አባት የላቸውም?»

ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ይህ አልታየኝም፤ ዲ ያገኘችው አየችው። እዚያው አጥሩ ሥር ቆሜ፣ ጃንጥላው በነፋስ እየተገለበጠብኝ፣ አርባ ምንጭ ላሉት ለአባ ተክሌ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ፦

«ማን ነው ይህን ያስተማራት?» አሉ።

«እ… እኔ ነኝ አባ።»

«አንተ! ለመሆኑ ዘንድሮ ፍልሰታን ይዘሃል?»

ዝም አልኩ። ዝምታዬ አርባ ምንጭ ድረስ ተሰማ መሰለኝ፤ «ቤት ስትገባ ደውልና ስልኩን ስጣት» አሉ።

ቤት ገብተን ስልኩን ድምፁን ከፍቼ እትዬ ጭን ላይ አስቀመጥኩት።

«አስካለ ልጄ» አሉ አባ፤ «የታመመ እንዲበላ ቤተ ክርስቲያን አልከለከለችም። ከዛሬ ጀምሮ የተሰጠሽን ሁሉ ብዪ፤ ወተቱንም ዕንቁላሉንም። ገዝቼሻለሁ። ጾምሽ ግን መሬት አይወድቅም። ወንድምሽ ይጾምልሻል።»

እትዬ ቀና አለች። «እሱ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት?»

«እስከ ዘጠኝ።»

«ውኃም ሳይቀምስ?»

«ውኃም ሳይቀምስ።»

«እሺ አባ» አለች። ወዲያው፣ ያለ ምንም ክርክር። ከሰኞ ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ከእሑድ እስከ ማክሰኞ

እሑድ ወተት ፍለጋ ከሀና ማርያም በላይ ወዳለ አንድ ግቢ ሄድን። አዴ ብርቄ የሚባሉ የኦሮሞ እናት አሉ። ዛሬ ሕንፃ የቆመበት መሬት ላይ ቤተሰባቸው ጤፍ ያርስ ነበር፤ አሁን ልጆቻቸው ቤት ያከራያሉ፣ እሳቸው ሁለት ላም አልሸጥም ብለው በሁለት ሕንፃ መሐል ያረባሉ። ለማን እንደሆነ ትዕግስት ስትነግራቸው እጃቸውን አወናጨፉ። «ለታማሚ ወተት አይሸጥም። በየቀኑ ነይ ውሰጂ። አፍልተሽ ስጪያት፣ በደንብ አፍልተሽ።» ለእኔም አንድ ኩባያ ቀዱልኝ። አዴ ሰውን ሁሉ አንተ ነው የሚሉት፤ «ጠጣ እንጂ፣ አንተም ከስተሃል» አሉኝ። የሰንበት ቀን ስለሆነ ሰዓቱ አልተቆጠረብኝም፤ ወተቱ ግን ያው ክልክል ነው። የእህቴን ጾም እየጾምኩ ነው ስላቸው ሳቁና ኩባያውን ለትዕግስት ሰጡት።

ሰኞ ዋናው መከራ ጀመረ። እትዬ በጠዋት ተነሥታ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች፣ እኔን ፊት ለፊቷ አስቀመጠችኝ። ዕንቁላሉን በቀስታ ላጠችው። ጨው ነሰነሰችበት። «ደምሴ፣ ሴሎችህ እንዴት አደሩ?» አለችኝና ነከሰች። እኔ ካልተቀመጥኩ አልበላም አለች። አምስት ሰዓት ላይ ገንፎ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ወተት፤ እኔ ደግሞ የቡታጅራው ጥብስ በዓይኔ ይዞራል። ደረጃውን ስወጣ ወንበሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ሆንኩ። ባለ ወንበሯ ሴት በሯን ከፍታ «ቲቸር፣ ቤቱ እየተጠረገ ነው?» ብላ ዘጋችው። ለእነዚያ እትዬ ላስተማረቻቸው ሴቶችም በየበራቸው እየሄድኩ ተሳስቻለሁ አልኳቸው፤ በባዶ ሆድ ይቅርታ መጠየቅ ቀላል ነው።

ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሲል እትዬ ራሷ ሽሮዬን አቅርባ ሰዓቱን ትጠብቅ ነበር። እኛ ቤት ሁልጊዜ የምታጎርሰው እሷ ነበረች። የመጀመሪያውን አጎረሰችኝ።

ረቡዕ

እትዬ ሚዛኑ ላይ ወጣች። ነርሷ ቁጥሩን ጻፈች። ዶክተሯ አየችና ፈገግ አለች። «አንድ ኪሎ ተኩል ጨምረዋል። ደሙም ጥሩ ነው። ዛሬ እንሰጣለን።» ከዚያ እኔን አይታ «ጋሼ፣ እርስዎ ደህና ነዎት? ገርጥተዋል» አለችኝ። እትዬ «እሱ እየታከመ ነው» አለቻት።

መድኃኒቱ ተሰቅሎ መንጠባጠብ ሲጀምር ከጎኗ ተቀመጥኩ። ክፍሉ ውስጥ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የየራሱን ጠብታ ያያል። ቀስ ብዬ «እትዬ፣ ይቅር በይኝ፤ በማላውቀው ነገር ልገድልሽ ነበር» አልኳት።

«ሞኝ!» አለችኝ። «ያን ሁሉ የጾምኩት ለሴል መሰለህ? ይህ መድኃኒት የሚያድነኝ አልመሰለኝም። እንደው ሞት ከመጣ በጾም ያግኘኝ ብዬ ነው። አንተ አውቶቡስ ላይ ያልከውን ስሰማ ደስ ያለኝ ሰበብ ስለሰጠኸኝ ነው፤ በሳይንስ ስም ማንም አይናገረኝም አልኩ።»

የተሰቀለውን መድኃኒት ቀና ብዬ አየሁት።

«ታዲያ ለምን በላሽ?» አልኳት። «ግዝቱን ፈርተሽ?»

«ግዝቱም አለበት። ግን ሁለት ቀን ሙሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ፣ ከንፈርህ ደርቆ፣ ጉርሻዬን ስትቆጥር አየሁህ። በልጅነትህ አንድ ምሳ መዝለል የማትችል ሆዳም! ይህ ሰው እንድኖር የምር ይፈልጋል ማለት ነው አልኩ።»

ዕንባዬ መጣ። ረኀብ ነው ብዬ ልሸፍነው አሰብኩ፤ አልሸፈንኩትም። ሠላሳ ዓመት ያላልኩትንም እዚያ አልኳት፤ «መድኃኒቱ ያድንሻል አያድንሽም፣ እትዬ፣ አላውቅም። እንድትኖሪ ግን እፈልጋለሁ።» ነጻ ያለውን እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች።

ጠብታው አልቆ ነርሷ መርፌውን ስትነቅልላት እትዬ «ልጄ፣ የሚቀጥለው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች። ነርሷ ቀና ብላ አየቻት። «እማማ፣ ቀጠሮ ጠይቀው አያውቁም፤ ሁልጊዜ ካርዱን ለልጅዎ ነው የምሰጠው» አለቻትና በዓሉ ስላለ ከዘመን መለወጫ በኋላ ያለውን ሳምንት ጻፈችላት። ካርዱን ልቀበል እጄን ዘረጋሁ። እትዬ እጄን ገፋ አድርጋ ራሷ ተቀበለችው፤ ከዓይኗ አርቃ አነበበችውና ጡቷ በነበረበት በኩል ከልብሷ ውስጥ ከተተችው።